ልጓም የወለቀለት ልብ

ሐኪሞች ክፉኛ የሚፈረጥጥ ልብን የሚገታ፣ ሰዉ «ልጓም» የሚለውን መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ከቀበሩለት ወዲህ አቶ ልሳኑ ከሞት ተርፏል፤ ሳቅና ቁጣ ግን ርቀውታል። እናቱን የቀበረ ዕለት እንኳ ዓይኑ ደርቆ ዋለ። ሰሞኑን ታዲያ ጢሙን ሲላጭ ማንጎራጎር ጀምሯል። ሚስቱ ዓለምነሽ ነገሩ አላማራትም። ዛሬ ሸሚዙን ስትቆልፍለት እጇ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ልቡ ይጋልባል።

«ማን ናት?» አለችው።

«ሴት አይደለም፣ ዓለሜ። ልጓሙን አስጠፋሁት። ነገ ልጃችንን ስድር ደስታው እንዲሰማኝ ብዬ ነው።»



«ምነው ሴት በሆነች!» አለችና ሐኪሙ ጋ ልትደውል ስልኳን አነሳች።

«እስከ ሰርጉ ብቻ፣ በእናትሽ» ብሎ እጇን ያዘ።

እሷ ግን ደወለች።