የጋራ አያት

ሽማግሌዎቹ የስንዱንና የደመላሽን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። አንድም የጋራ አያት አልተገኘም። ድሮ ቢሆን ደስታ ነበር። የባዳና የባዳ ልጅ እንደ በቅሎ መካን መሆን ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሌላ ዝርያ ነው፤ አይጋቡም።

«እንግዲህ አልሆነም» ብለው ትልቁ ሽማግሌ ሊነሱ ሲሉ፣ የስንዱ አባት አቶ ዋለልኝ አቋረጣቸው።

«ይቆዩ አባቴ። አያቴ አባቴን የወለደችው ከባሏ አይደለም። ከደመላሽ ቅድመ አያት ነው።»

«ምነው ይህን ገመና ቀድመህ ብታወጣው! ልባችንን አወለቅኸው እኮ!» ብለው ሽማግሌው ሳቁ፤ መረቁም።

ስንዱ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አባቷን አየችው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሴት አያቱ ፎቶ ቀና አላለም። ውሸቱ ለሽማግሌዎቹ እንጂ ለማህፀኗ እንደማይበቃ ገባት።

«እልል በይ እንጂ!» አለቻት እናቷ።