ጥርሷ የጎደለው ተጫዋች

ቦጋለ ዕድሜውን የሚደብቅ ሰው አይወድም። አይፈረድበትም። ለአንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ተጫዋች ሲመለምል ስምንት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ዓመት «ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው» ብሎ ያስገባው ልጅ ግን ጉድ ሠራው። በሁለተኛው ሳምንት የልጁ ሚስት ሁለት ሕፃናት አስከትላ ካምፑ በር ላይ ከች አለች። ክለቡ በሙሉ እስኪበቃው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ አልሳቀም። «እንዲህ ያለ ጉድ ብትደግመኝ መታወቂያህን አስረክበህ ትሄዳለህ» አለው።

እንግዲህ ኢፍቱ የምትባለውን ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ዊንጌት አጠገብ ባለው የሰፈር ሜዳ ሲያያት፣ ልቡ በደስታም በፍርሃትም ዘለለ። ልጅቷ ቦጋለን በግማሽ ስንዝር ትበልጠዋለች። ኳሱ እጇ ላይ ብርቱካን ያህላል። ሦስት ጎረምሶች አልፋ ስታገባ «ወይ ጉድ!» ብሎ ጮኸ። እሷም ዞር ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ያየው፤ በግራ በኩል አንድ ጥርሷ የለም።

«ይቺማ ጥርሷ መርገፍ ጀምሯል» አለ በሆዱ።

ሜዳው ዳር ሁለት ቦርሳ አቅፋ የተቀመጠች፣ ዐሥራ አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ሉሊት ይሏታል። ጨዋታው ሲቆም ኢፍቱ በቀጥታ ወደሷ ሄደች፤ ካንድ ኮዳ ውሃ ጠጡ፤ አንድ ብስኩት ለሁለት ተካፈሉ። ቦጋለ በጣቱ ደመረ። ይቺ ልጇ ብትሆን፣ ዕድሜዋም ዐሥራ አንድ ከሆነ፣ ኢፍቱ ቢያንስ ሃያ ስምንት።

የኢፍቱ እናት ወይዘሮ ብርቅነሽ ሸጎሌ በግ ተራ የሚነግዱ፣ በቃል የማይረቱ ሴት ናቸው። የልደት ወረቀቷን ይዘው መጥተዋል።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለልዎ እኮ፣ ጋሽ ቦጋለ።»

ወረቀቱ ዐሥራ ዘጠኝ ይላል። ወረቀትማ የባለፈው ዓመቱም ልጅ ነበረው።

«ጥርሷስ ምን ሆነ?»

«ወለቀ» አሉ ፈገግ ብለው። «በግ ገዝተው ያውቃሉ? ዕድሜው በጥርሱ ነው የሚታወቀው።»

«እኔ ሥጋዬን ከሥጋ ቤት ነው የምገዛው።»

«ያስታውቃሉ። ይልቅ ጫማዋን ክለቡ ይችላል አይደል? እኔስ አልቻልኩም፤ በየሦስት ወሩ አዲስ ነው።»

ልምምዷ ከባድ ቢሆን ነው ብሎ ቦጋለ መዘገበ።

ይሄኔ ውባለም ከተፍ አለች። የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጣኝ ናት፤ ከቦጋለ ጋር በወጣትነታቸው አብረው ተጫውተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ተስማምተው አያውቁም።

«ደግሞ ይቺን ልትሸጥ ነው?» አለችው።

«አንቺስ ቤተ መጻሕፍት ልታስረጃት ነው?»

«ክለብ የበሰለ ተጫዋች መግዛት እንጂ ማብሰል የት ያውቅበታል! ነገ ጉልበቷን ቢያማት ምን ይዛ ትወጣለች? እኔ ጋ እየተጫወተች ትማራለች።»

«እናንተ ጋ በዓመት አራት ጨዋታ! ተጫዋች ከሚበልጡት ጋር ካልተጋፋ መቼ ይበስላል? ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው።»

ውባለም ትታው ወደ እናትየዋ ዞረች። «የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ብቻ ያምጡልኝ። ማደሪያውም ምግቡም ነፃ ነው።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ደንገጥ አሉ። «ዩኒቨርሲቲው ይቅርብን።»

«ውጤት አልመጣላትም እንዴ?»

«ይቅርብን አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።»

ቦጋለ ክርክሩን ቢረታም ደስ አላለውም። ስንት ዓመት ይሆናት ፈተናውን ከወደቀች?

«እውነቱን ልንገርዎ» አሉ እናትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀጭኔ ይሏታል። በየቀኑ እያለቀሰች ነው የምትገባልኝ። እናንተ ጋ ቁመቷ ያስከብራታል እንጂ አያስቅባትም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ይውሰዱኝ» አለች ኢፍቱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንጀቱን በላችው።

ቦጋለ አሰበና አንድ መላ አገኘ። ሰው ወረቀት ያስጽፋል፤ ጉለሌ ኖሮ በእንጦጦ ማርያም በሐሰት የሚምል ግን እስከዛሬ አላጋጠመውም።

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ወደ ተራራው ይዩና ይማሉልኝ። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቀን አትበልጥም ይበሉኝ።»

ያመነታሉ ብሎ ነበር። እንኳን ሊያመነቱ ፊታቸው ፈካ አለ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ላይ ቀና አሉ።

«እንጦጦ ማርያምን! ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቀን አትበልጥም! ብትበልጥ በጎቼን ጅብ ይብላቸው!»

ቦጋለ እፎይ አለ። ውሉን አወጣ። ኢፍቱ ምላሷን ነክሳ፣ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ከመስመሩ ሳትወጣ ጻፈች። ውባለም «ልጅቷን አትቸኩልባት» ብላ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። እሱ ግን እዚያው ቆሞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለ።

«አለቃ፣ አንዲት ቀን ብትበልጥ መታወቂያዬን ዛሬውኑ አስረክባለሁ!»

ስልኩን ዘጋና ደስ ብሎት ቦርሳ ወዳቀፈችው ልጅ ሄደ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት።

«ሚሚዬ፣ እንግዲህ ፈርመናል፤ አትፍሪኝ። ኢፍቱ እናትሽ ናት አይደል?»

ሉሊት ከረሜላው ትን እስኪላት ሳቀች።

«እናቴ? ኧረ ጋሼ! የክፍሌ ልጅ ናት እኮ፤ ስድስተኛ ‹ለ›፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው።»