የሐሙስ ባለተራ

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ወልድያ ላይ የሚከራየው ቤት ሳይሆን ቀዳዳ ሆኗል። የቢሮ ጸሐፊዋ መቅደላ ከመርሳ ተዛውራ ስትመጣ ያገኘችው ቀዳዳ እትዬ አልታየች ግቢ ነበር፤ ቤታቸውን በኮምፔርሳቶ ሸንሽነው ሰባት ተከራይ ካንድ ሽንት ቤት ጋር ያጎሩ ሴትዮ ናቸው።

ሽንት ቤቱን ተከራዮቹ በየተራ ያጥባሉ፤ ያጠበ ሰው መወልወያ ጨርቁን ለማግስቱ ባለተራ በእጁ ያስረክባል። የመቅደላ ተራ አርብ ነው። አይታው የማታውቀው የሐሙሱ ባለተራ ግን ያን የከረፋ ጨርቅ እየተንጠባጠበ በሯ እጀታ ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። አንድ ቀን አንገሸገሻትና ለአከራይዋ ተናገረች።

«እንደ ሰው በእጁ ቢሰጠኝ ምን አለበት? ለመሆኑ ክፍሉ የቱ ነው?»

«ካንቺና ከፅዮን መሀል ነው። ከሁላችሁም በፊት የገባ፣ ኮሽ የማይል ጨዋ ሰው ነው።»

«ከኔና ከፅዮን መሀል ያለው እኮ ኮምፔርሳቶው ብቻ ነው! በሩስ?»

«በር መች ጠየቀኝ?» አሉ እትዬ አልታየች። «ግድ የለም፣ እነግረዋለሁ።»

አርብ ጠዋት በሯ ላይ ጨርቅ አልነበረም። እፎይ ብላ ወደ ውስጥ ስትመለስ ቀዝቃዛ ውሃ እግሯን ነካት፤ የሽንት ቤቱ ግማት ክፍሉን ሞላው። ኮምፔርሳቶው ከወለሉ በሚገናኝበት፣ ጣት እንኳ በማያስገባ ክፍተት፣ ጨርቁ ቀስ እያለ ወጣ። ከኋላው የነጣ፣ ውሃ ያጨማደደው እጅ ተከተለ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ ከግድግዳው ውስጥ ትሁት የወንድ ድምፅ። «እንደ ደንቡ በእጄ እንዳስረክብሽ ነግረውኛል። ተቀበይኝ።»