የዓመት በርበሬ

ቤተሰቦቼ ፊደል አልቆጠረችም ብለው ይንቁኛልና የገዛ ቤቴን ወሬ የምሰማው ከጎረቤት ነው። የልጅ ልጄ ዱንያ ሳይፕረስ የምትባል ደሴት ለሳምንት ልትዝናና ልትሄድ መሆኑን እንኳ የነገሩኝ የሰፈራችን የሶማሌ ተራ ሴቶች ናቸው።

ክፍሏ ስገባ ሻንጣዋን ትዘጋለች። "እማዬ፣ ፀሐይ ሞቄ፣ ባሕር ዋኝቼ ከች እላለሁ!" ብላ ሳቀች።

"ዝናብ የምትፈሪው ልጅ ባሕር ልትገቢ?" ብዬ ሻንጣውን ገፋ ላደርገው ብል አልነቃነቅ አለኝ። ከፈትኩት። ከዋና ልብሱ ሥር ለዓመት ያስፈጨሁት በርበሬ ከነሽሮው ተጠቅጥቋል። የጎረቤታችን ልጅም ለሳምንት ብላ ነው የሄደችው፤ እናቷ ዛሬም በር በሩን ታያለች።

"ለሳምንት ሽርሽር የዓመት በርበሬ?"

አቀርቅራ ዚፑን ትነካካ ጀመር።

"ቀና በይ፣ ዱንያ! ዓይኔን እያየሽ 'ወላሂ እመለሳለሁ' በይኝ!"