የዶልጎር ወተት

ወዳጆቼ፣ መርዶ በማለዳ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልደታ ጀርባ የምትኖረው የሻረግ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በሯ ሲንኳኳ መርዶ መጣብኝ ብላ ብትከፍት አትፍረዱባት።

ደጅ የቆሙት የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረጊዮርጊስ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። አጠገባቸው ያለውን ወጣት አታውቀውም። የታጠፈ ጨርቅ ይዟል።

ልጇ ደጉ የከብት ሐኪም እንዲሆን መንግሥት ሞንጎሊያ ከላከው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወር።

«አቶ ገብረጊዮርጊስ፣ አያቆዩኝ» አለች መቃኑን ይዛ። «ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ይሄ ልጅ ቤትሽ ጠፍቶት ሲዞር አግኝቼው ነው።»

ወጣቱም ደነገጠ። «እናቴ፣ ሞቱማ እባላለሁ። የነቀምት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው በዚህ ሰዓት የመጣሁት። ከደጉ ጋር ነው የምንማረው። ደኅና ነው።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

የሻረግ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አቶ ገብረጊዮርጊስ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «በጠዋቱ መርዶ ነጋሪ አደረግሽኝ እኮ» አሉ።

ሞቱማ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ደጉ ለልምምድ ገጠር ወርዶ፣ በረዶ ላይ ከፈረስ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ኖሯል። እዚያ አማርኛ የሚጽፍለት ማን አለ? ወደ ከተማ የተመለሰው ገና በቅርቡ ነው፤ እጁ ስላልጠናለት ይህችን በግራው ነው የሞነጫጨራት። የሻረግ በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችውን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበች፤ «እማ፣ አለሁ። እዚህም እናት አግኝቻለሁ።» የልጇ ጽሑፍ የራሷን መስሏል።

«የምን እናት?»

«ዶልጎር ትባላለች። ከብት አርቢ ናት፤ የምትኖረው ከበግ ጠጉር በተሠራ ድንኳን ነው። የበረዶውን ወራት በሙሉ በእጇ እያጎረሰች አስታመመችው።»

ከዚያ ጨርቁን ፈታው። ሰማያዊ ሐር ነው። በሁለት መዳፉ ላይ ዘርግቶ ጎንበስ አለ። «ልመጣ ስል ድንኳኗ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ለእናቱ እንዲህ አድርገህ ስጥልኝ ብላኛለች። እነሱ ዘንድ ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው።»

የሻረግ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ያስተማራት የለም፤ እኛም የከበረ ነገር በአንድ እጅ አንቀበልም።

«ጠዋት ጠዋት ደግሞ» አለ ሞቱማ «ወተት ጨልፋ ወደ ሰማይ ትረጫለች። ከቤት ለራቁ ልጆቿ።»

«ስንት አሏት?»

«ሦስት። ደጉ ወደ ከተማ ከተመለሰ ወዲህ ግን አራት ጊዜ ነው የምትረጨው።»

አቶ ገብረጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሻረግ፣ ይሄ ነገር ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን።»

«ሰማዩ የማን ነው፣ አቶ ገብረጊዮርጊስ?»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ሞቱማ ልጄ፣ አገሯ በየት በኩል ነው?»

ፀሐይ ወደምትወጣበት ጠቆማት። ፍልሰታ ስለሆነ ቤት ውስጥ ወተት የለም። የሻረግ ከልደታ ያመጣችውን ጠበል ይዛ ወጣች፤ ሐሩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በመዳፏ እየጨለፈች ወደ ምሥራቅ አራት ጊዜ ረጨች። ከዚያም አንድ ጨመረች፤ ለዶልጎር።

እናንተም ጠዋት ስትነሡ፣ ከልጆቻችሁ ስም ቀጥሎ፣ የዚያችን ሴት ስም አንድ ጊዜ ጥሩልኝ።