ኪስ ያለው ቀሚስ

ስሜን ይጠራሉ። ፋጡማ ብዬ ባስመዘግብም መድረክ መሪዋ «ፋቲማ!» ትላለች። አሁን ለእሱ ጊዜ የለኝም፤ ፌስታሌን ይዤ እነሳለሁ። ስነሳ ወንበሬን እገለብጣለሁ።

«ሪላክስ አድርጊ እንጂ ፋጡ» ይለኛል ጎኔ የተቀመጠው ጋሼ ሸረፈዲን። ዛሬ እሑድ ነውና ታክሲውን ከሥራ አውጥቶ፣ ከሰፈራችን ከፌርፋክስ እዚህ ሚድ ዊልሻየር ድረስ ራይድ የሰጠኝ እሱ ነው። «ግን ማኅበር ነው ብለሽኝ አልነበር? ሶ ምግቡ የታለ?»

«ከንግግሩ በኋላ ነው። ዝም በል ጋሼ፣ ይሰሙሃል።»

«በአማርኛ ማን ይሰማኛል?»

ማኅበሩ የስፓኒሽ ቋንቋና ባህል ማኅበር ነው። አባላቱ የሜክሲኮ፣ የሳልቫዶርና የኩባ ሰዎች ናቸው። የዓለም ዋንጫ ሜክሲኮ ላይ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ስለቀረው ግድግዳው በባንዲራ ተሸፍኗል። በየዓመቱ በበዓላቸው ቀን፣ ቋንቋቸውን ከባዶ ተነስቶ የተማረ አንድ የውጭ ሰው ንግግር ያስደርጋሉ። ዘንድሮ እኔ ነኝ። የጠቆሙኝ የልብስ ማጠቢያ ቤት ባልደረባዬ ዶኛ ኦፌሊያ ናቸው፤ ዶኛ ማለት እንደኛ እትዬ ነው፣ እኔም በሆዴ እትዬ ኦፌሊያ ነው የምላቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ረቡዕ አገራቸው ይገባሉ፤ አይመለሱም።

ዛሬ ካላመሰገንኳቸው ቀረ። ሦስት ዓመት ሞክሬያለሁ። እኔ «ግራሲያስ» ስል እሳቸው «ዴ ናዳ» ይላሉ፤ ምንም አይደል ማለታቸው ነው። ምስጋናዬን እንደ ዝንብ እሽ ይሉታል። እኔን ደግሞ ያንገበግበኛል፤ ምንም አይደል የሚባል ነገር አልነበረማ!

ማይክራፎኑን ጨብጬ በስፓኒሽ እጀምራለሁ።

«ላውንደሪው በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። እንግሊዝኛ የለኝ፣ ስፓኒሽ የለኝ። ዶኛ ኦፌሊያ መስኮቱ ዳር ሆነው፣ እስፒላቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ፣ ‹ካሚሳስ! ካሚሳስ!› እያሉ ጮኸው ወደ ማጠቢያው ጠቆሙኝ። ሸሚዞቹን ክተቺ ማለታቸው ነበር። በእኛ ቋንቋ ግን ቀሚስ ማለት እናንተ ቬስቲዶ የምትሉት የሴት ልብስ ነው።»

ነገሩ ከወዲሁ የገባው አንድ ሰው ይስቃል።

ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ የማውቀው እኔ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው ተገኘ ብዬ ተንደረደርኩ። የተሰቀለውን ቀሚስ ሁሉ ሰብስቤ፣ የሐሩን ከጥጡ ሳልለይ፣ ለሸሚዝ የተዘጋጀው የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ የአሻንጉሊት ልብስ አክሏል። አንዱ የሙሽራ ነበር።

«አለቃችን መጣ» እላለሁ። «‹ማነው ይህን ያደረገው?› ብሎ ጮኸ። እኔ ጥያቄውም አልገባኝም። ዶኛ ኦፌሊያ እስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው ‹እኔ ነኝ› አሉ። ነፋሻውን ቦታ፣ መስኮቱን፣ ቀማቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦይለሩ ጥግ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቆመው ልብስ ተኮሱ። ምን እንዳደረጉልኝ የገባኝ ስፓኒሽ ከቻልኩ በኋላ ነው። ስፓኒሹንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ኦፌሊያ እጃቸውን እያወናጨፉ ያቺን ቃላቸውን ይጀምራሉ። «ዴ ና...»

«አይሆንም!» እላለሁ። በድፍረቴ ራሴ ደንግጬ፣ ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኛል። እጄን ፌስታሉ ውስጥ እከታለሁ። «ለዶኛ ኦፌሊያ... ለእሳቸው... አንድ ካሚሳ ሰፍቼላቸዋለሁ።»

የማወጣው ግን ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ። ሁለት ጥልቅ ኪስ አበጅቼለታለሁ፤ የሥራ ልብሳቸው ኪስ ስለሌለው ነው እስፒል በአፋቸው ይዘው የኖሩት።

ሰዉ በሳቅ ያውካካል። ፊቴ ይግላል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ቃል፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቀጥይ!» ይላል ጋሼ ሸረፈዲን፤ ምን እንደተባለ አንዱም አልገባውም።

እትዬ ኦፌሊያ ተነስተው ወደ መድረኩ ይመጣሉ። አይስቁም። ቀሚሱን ከእጄ ተቀብለው ከፍ ያደርጉትና ወደ ሕዝቡ ይዞራሉ። «ካሚሳ አይደለም» ይላሉ በስፓኒሽ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስንቴ ሳለማምዳቸው «ካሚስ» ከማለት ያላለፉትን ቃል፣ «ቀ»ን ከሥሯ አውጥተው ልክ እንደ አገሬ እንደ ደሴ ሰው ይሉታል።

«ቀሚስ።»

«ወላሂ አማርኛ ተናገረች!» ብሎ ጋሼ ሸረፈዲን ብድግ ይላል። አዳራሹም የሚያጨበጭብበትን ሳያውቅ ተከትሎት ያጨበጭባል። እንባዬን መያዝ ያቅተኛል፤ ልይዘውም አልሞክርም።

እትዬ ኦፌሊያ ቀሚሱን ደረታቸው ላይ ለክተው ወደ ታች ያዩታል።

«ግራሲያስ፣ ዶኛ ኦፌሊያ» እላለሁ።

አፋቸው ይከፈታል። «ዴ ናዳ» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። አፋቸው መልሶ ይዘጋል፤ ቀኝ እጃቸው ኪሱን ያገኘውና እስከ አንጓው ገብቶ እዚያው ይቀራል።