አሥራ አንደኛው ቅመራ

«ጠፋችብኝ!» አሉ ኖንግ ክሪስፒን ሽጉጡን ዝቅ አድርገው። «ተኮስኩ፣ የማነጣጠሪያዬ ቀይ ነጥብ ብድግ አለች፣ በቃ ጠፋች። ይሄ ጥይት ነው ወይስ የጎሽ እርግጫ?»

ሬናንቴ የጥይት ፍጥነት መለኪያው ላይ ጎንበስ አለ። አገዳው ማሳ ጥግ ስድስቱ የብረት ሳህኖች ገና ያቃጭላሉ። ሃያ ዓመት እዚያው ቦታ የቆሙ ናቸው። መምታቱንማ፣ ጋሼ ለማለት «ኖንግ» የሚላቸው አለቃው ስድስቱንም መትተዋል።

«ፍጥነቱስ? እስቲ መለኪያውን አንብብልኝ።»

«አልፏል ኖንግ። ከተፈቀደው የፍጥነት ወለል በላይ ነው።»

«ማለፉ ምን ያደርግልኛል፣ ነጥቧን ካላየኋት?»

ሬናንቴ ባሩድና አረር እያመጣጠነ ለሳቸው ሽጉጥ ጥይት ሲሞላ ይህ ዘጠነኛው ቅመራ ነበር።

ባሩዱን ቀነስ አድርጎ መገላገል አይቻልም። ውድድሩ ላይ ዳኞች ከቀበቶህ ጥይት አንስተው በራሳቸው ሽጉጥ ሳይሆን በራስህ ሽጉጥ ተኩሰው ፍጥነቱን ይለካሉ፤ ከወለሉ ከወረደ አለቀልህ። በዚያ ላይ የኖንግ ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ባለ ቀዳዳ ብረት የተገጠመለት ነው። ጋዙ በቀዳዳው ወደ ላይ ሲተፋ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ ሬናንቴ የሚሠራው ሥራ ለማያውቅ ሰው እብደት ነው፤ እርግጫውን ለማለስለስ ጋዙ እንዲበዛ አረሩን አቅልሎ ባሩድ ይጨምራል።

እሑድ የብሔራዊ ቡድኑ ማጣሪያ ነው። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኖንግ ስድሳ ሁለት ሞልቷቸዋል፤ ከዚህ በኋላ ማጣሪያ የለም።

ለሬናንቴም የለም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሲላይ ውስጥ አገዳ ሲቆርጥ አግኝተው የጥይት መሙያ ማሽን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። እሑድ በሌላ ሰው ጥይት ከሄዱ፣ ሰኞ እሱ ገጀራውን ይዞ ማሳ ውስጥ ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ ሩፎ ነው። እሱም ጥይት ይሞላል፤ ባኮሎድ ከተማ ሱቅ አለው፣ አዲስ ማሽን አለው፣ አፍም አለው።

«ሽማግሌህ ማክሰኞ ማክሰኞ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» አለው የጂፕኒው ታክሲ ሹፌር ዶዶይ፣ ስለ ቲማቲም የሚያወራ ይመስል። «የሩፎ ሱቅ ከሥር፣ ሐኪሞች ከላይ ያሉበት ፎቅ በር ላይ ነው የማወርደው። ባለፈው ደግሞ ጥቁር መነጽር ግጥም አድርጎ ወጣ። ከማን እንደሚደበቅ እንጃ!»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እኔማ እነዳለሁ። አንተ ነህ ልትወርድ የደረስከው።»

ሐሙስ ምሳ ላይ ናንግ ፔርላ፣ የኖንግ ሚስት፣ ሩዝና የደረቀ ዓሣ አቀረቡ። ሬናንቴን ቀና ብለው አላዩትም። የኮምጣጤውን ሳህን ወደ ባላቸው ጣቶች ገፋ አደረጉ። እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው፣ አለ በልቡ።

የጎረሰውን ዓሣ ሳይጨርስ ቀና አለ።

«ማክሰኞ የት ነበሩ ኖንግ?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ሩፎ ጋ?»

የናንግ ፔርላ ማንኪያ ቆመ። ኖንግ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን አልጨረሱትም።

«ሩፎ የራሱን ጥርስ እንኳ አጥብቆ መግጠም አይችልም። ብላ አንተ።»

ከሰዓት በኋላ አሥረኛውን ተኮሱ። ጠፋችብኝ አሉ።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ሬናንቴ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ማሽን ቤት ውስጥ ነበር። ከአዲስ ጣሳ ሌላ ባሩድ አወጣ። ሁለት ቀለህ እንደሞላ የባሩድ ሚዛኗ ቁጥር ጠፋ፤ ባትሪዋ ሞታለች። ሱቅ ገና አልተከፈተም። ጠረጴዛው ላይ ካለው የኖንግ ሽጉጥ ቀይዋን ነጥብ የምታበራውን ክብ ባትሪ ፈልቅቆ ሚዛኗ ውስጥ ከተተ። ልክክ አለች። ባሩዱን በፍሬ በፍሬ እየመዘነ ቀጠለ። አንድ ፍሬ ሲበዛበት ይደፋዋል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ እንደገና ይጀምራል። ስድስት ጥይት ለመሙላት አንድ ሰዓት ፈጀበት።

ኖንግ በሩ ላይ ቆሙ። «ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ ማን ሊሆን ነው?»

«እንዲህ በጠዋት?»

ሬናንቴ ጥይቶቹን የሽጉጡ ካርታ ውስጥ ከቶ ሽጉጡን ከነካርታው መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

«ኖንግ፣ ይሄ አሥራ አንደኛው ነው። አሥራ ሁለተኛ የለም። የማውቀውን ሁሉ ጨርሻለሁ። ይሄም እርግጫ ከሆነብዎ ለሩፎ ይደውሉለት፣ እኔ አልቀየምም። ብቻ በግልጽ...»

ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ቆዩ። ከዚያ ጆሯቸውን ደፍነው በደጃፉ ወጡና እንደ ሁልጊዜው የተኩስ መስመሯን በጫማቸው ጫፍ ዳበስ አድርገው ቆሙባት።

ስድስት ተኩስ። ስድስት ደወል።

ሬናንቴ ጠበቀ። ጠፋችብኝ አላሉም። ጠረጴዛውን ተደገፈ። እጁ ሚዛኗን ነካ። ሊያጠፋት ዞረ፤ ቁጥሯ ቦግ ብሎ በርቷል፤ የሽጉጡ ባትሪ አሁንም ውስጧ ነው።

እጁ እዚያው ቀረ።

«አሁን ገና ልጅ ወጣህ!» አሉት ኖንግ ክሪስፒን ከደጃፉ፣ በደስታ። «ዕቃህን ሸክፍ ልጄ፣ እሑድ አብረን ነን። ስድስቱንም ስተኩስ ቀይዋ ነጥብ ቁልጭ ብላ እየታየችኝ ነበር፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።»